ዱከም ያለው ፋብሪካ ወይስ ቃሊቲ ያለው ቶርኖ ቤት?

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ስምሽ እንዳይወጣ ስለጠየቅሽ ነገሩን ብቻ ለአንባቢ ላስቀምጥ። ዕድሜሽ 20 ነው፤ የ12ኛ ክፍል ማለፊያ ነጥብ አልመጣልሽም። ቃሊቲ አካባቢ ያለ ማሽን ወርክሾፕ ቶርኖ (ብረቱን እያዞረ የሚቆርጥ ማሽን) እና ሚሊንግ (መቁረጫው ራሱ እየዞረ ብረት የሚቆርጥበት ማሽን) ላይ ለአንድ ዓመት በለማጅነት ሊወስድሽ ፈቅዷል፤ የሚሰጥሽ ግን ከትራንስፖርትና ከምሳ አያልፍም። ዱከም ያለ ፋብሪካ ደግሞ በዚሁ ወር በማሽን ኦፕሬተርነት ሊቀጥርሽ ነው፤ ክፍያው ከወርክሾፑ እጥፍ ይበልጣል፣ ሰርቪስም አለው። አባትሽ ሁለቱንም አልወደዱም። የደረሳቸውን ዕቁብ ከፍለው የግል ኮሌጅ ሪሚዲያል (ማለፊያ ነጥብ ላላመጡ የሚሰጥ ማካካሻ ትምህርት) ሊያስገቡሽ፣ ከዚያም አካውንቲንግ ሊያስተምሩሽ ነው ሐሳባቸው። «ጋሼ፣ ሴት ልጅ ብረት ቀጥቃጭ ልትሆን ነው ወይ እያሉ ቤቱን አወኩት» ብለሻል።

እኔን ያስቆመኝ ግን እንደ ዋዛ ጣል አድርገሽው ያለፍሽው ነገር ነው። የወርክሾፑ ባለቤት «መጀመሪያ እያየሽ ታግዣለሽ፣ ከዚያ እናያለን» አሉሽ። መልሴ በአብዛኛው ስለዚህች «እናያለን» ነው።

ምርጫዬን ቀድሜ ልንገርሽ፤ ወርክሾፑን ግቢ። በ«እናያለን» ግን እንዳትገቢ።

ዱከም ያለውን ሥራ አላጣጥልም፤ በየወሩ የሚገባ ደመወዝ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን እዚያ የምትቆሚበት ማሽን ፕሬስም ይሁን ፕላስቲክ የሚቀርጽ፣ ሌላ ሰው አስተካክሎ ነው የሚያስረክብሽ። አንቺ ጥሬ ዕቃ ትጨምሪያለሽ፣ የወጣውን ትለቅሚያለሽ፣ ማሽኑ ሲያስቸግር ቴክኒሻን ትጠሪያለሽ። ይህን በሁለት ሳምንት ትለምጂዋለሽ። ሦስት ዓመት ብትቆይም የምታውቂው ያንኑ የሁለት ሳምንቱን ነው፤ ጥሬ ዕቃ ጠፍቶ መስመሩ ሲቆም ደግሞ መጀመሪያ «ቤታችሁ ቆዩ» የሚባለው እዚያ የቆመው ሰው ነው። ፋብሪካው ሞልድ (ዕቃው የሚቀረጽበት ቅርጽ ማውጫ) የሚሠራበት ወይም ማሽን የሚጠገንበት ክፍል ውስጥ እመድብሻለሁ ካለሽ መልሴ ይቀየራል። ይህን ጠይቀሻቸዋል? በደብዳቤሽ ላይ አላየሁትም።

ቶርኖ ቤት ሥራው በየቀኑ ይለያያል። ጠዋት የወፍጮ ቤት ባለቤት የተበላ ሻፍት (የሚዞር ዘንግ) በጆንያ ጠቅልሎ ይመጣል፤ ከሰዓት የሲኖትራክ ሹፌር የተሰበረ ነገር ይዞ «ለነገ ድረስልኝ» ይላል። ሥዕል የለው፣ ልኬት የለው። ያለቀውን ብረት እያየሽ ሳያልቅ በፊት ስንት እንደነበረ ማወቅ አለብሽ። ይህ ገበያ ደግሞ እየደራ ነው። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከ100 ብር አልፎ ሄዷል። መለዋወጫ ከውጭ ያስመጣ የነበረ ሁሉ «እዚህ አይሠራም ወይ?» ማለት ጀምሯል።

አንድ ሥራ ላሳይሽ። ቀዳዳው 50 ሚሊሜትር የሆነ ቡሽ (ሻፍት የሚገባበት ቀለበት መሰል ብረት) ታዘዘ እንበል፤ ሥዕሉ ላይ ከ50 ጎን ኤች 7 የሚል ምልክት አለ። ቀዳዳው ከ50.000 እንዳያንስ፣ ከ50.025 እንዳይበልጥ ማለት ነው። ወርክሾፑ ውስጥ ሁሉም ኪሱ የሚከተው ካሊፐር (ተንሸራታች መለኪያ) አብዛኛውን ጊዜ የሚያነበው በ0.02 እየዘለለ ስለሆነ እዚህ ላይ አይታመንም፤ ከካሊፐር ይልቅ በጣም ትንሽ ልዩነት የሚያነብ ማይክሮሜትርና የውስጥ መለኪያ ያስፈልጋል። መለኪያው ተገኘ። አሁን ደግሞ ብረቱ ተቆርጦ ሲያበቃ ሞቋል። ከክፍሉ ሙቀት 40 ዲግሪ ቢበልጥ ያ 50 ሚሊሜትር ወደ 0.023 ሚሊሜትር ያህል ሰፍቷል፤ የተፈቀደልሽን ልዩነት ሙሉ በሙሉ ሊበላው ምንም አልቀረውም። ትኩሱን ለክቶ «ልክ መጥቷል» ብሎ ያወረደ ልጅ ሲቀዘቅዝ ሻፍቱ አልገባ ይለዋል፤ ከዚያ መዶሻ ያነሳል፣ ሥራው ይበላሻል። ይህን የምትማሪው አንድ የቆየ ባለሙያ ብረቱን በእጁ ጀርባ ዳበስ አድርጎ «ቆይ፣ ሻይ ጠጥተን እንለካዋለን» ሲል ከጎኑ ቆመሽ ነው። ዱከም ያለው መስመር ላይ ይህን የሚልሽ ሰው የለም፤ ቢኖርም ጊዜ የለውም።

እኔ ሙያ የጀመርኩት በአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጥገና ወርክሾፕ ውስጥ ነው። ኋላ ወደ ማስተማሩ፣ ከዚያም ወደ ምክሩ ብመጣም ሰውን የማየው እስካሁን በሚሠራው ሥራ ነው። ይህን እያሰብሽ አንብቢኝ።

አሁን ወደ «እናያለን» እንመለስ። ለማጅ ገብተው ግማሽ ዓመት ወለል ጠርገው፣ ዘይት ተሸክመው፣ የባለቤቱን ምሳ አመላልሰው ማሽን ሳይነኩ የወጡ ልጆች ብዙ ጊዜ እዚህ ቢሮ ገብተው አልቅሰዋል። መጥረግ ነውር አይደለም፤ ወርክሾፕ የማይጠርግ ባለሙያ አልወድም። ነውሩ መጥረጉ ማለቂያ ሲያጣ ነው። በእርግጥ ባለቤቶቹም ስጋት አላቸው። ለማጅ መቁረጫ ይሰብራል፣ የደንበኛ ብረት ያበላሻል፣ ሲለምድ ደግሞ ጎረቤት ያለው ቶርኖ ቤት በትንሽ ጭማሪ ይወስደዋል። ስለዚህ ሙያውን ቆጥበው ይሰጣሉ። ይህን ስጋት ፊት ለፊት አንስተሽ «ዓመቱን እጨርሳለሁ፣ እርስዎም በዓመቱ ውስጥ ይህን ይህን ያሳዩኛል» ብለሽ በወረቀት ተዋዋዪ።

ይህ ድፍረት አይደለም፣ ሕግ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሙያ ለማጅ የሚቀበል አሠሪ ውሉን በጽሑፍ እንዲያደርግ ያዛል። የሥልጠናው ዓይነትና ርዝመት፣ በሥልጠናው ጊዜ የሚከፈለው ክፍያና የሥራው ሁኔታ ውሉ ውስጥ መግባት አለባቸው፤ ሲያበቃም የሠለጠንሽበትን ሙያና የቆየሽበትን ጊዜ የሚገልጽ ምስክር ወረቀት ይሰጥሻል። እኔ ብሆን የሥልጠናውን ዓይነት «ማሽን ሥራ» ብለው እንዲያልፉት አልፈቅድም። የመጀመሪያው ወር መለካት፣ ሞረድና መብሻ ማሽን ይሁን። ሦስተኛው ወር ሳያልቅ ቁርጥራጭ ብረት ላይ ራስሽ ቶርኖ አስነሺ፤ ቀጥ ያለ መቁረጥና ፊቱን ማስተካከል። በግማሽ ዓመት የብሎን ጥርስ ማውጣት፣ ከዚያ ሚሊንግ ላይ የቁልፍ መቀመጫ (ሻፍቱን ከሚያዞረው ክፍል ጋር የሚያስረው ብረት የሚገባበት ቦይ) መቁረጥ፣ በመጨረሻው ሩብ ዓመት ደግሞ አንድ ሥራ ከሥዕል ጀምሮ እስከ ማስረከብ ብቻሽን። ባለቤቱ ወሮቹን ቢያሸጋሽጉ ችግር የለውም። ጭራሽ አልጽፍም ካሉ ግን ሌላ ወርክሾፕ ፈልጊ፤ ከቃሊቲ እስከ ገላን አንድ ብቻ አይደለም ያለው።

ከመፈረምሽ በፊት አንድ ሁለት ቀን ገብተሽ እንድታዪ ጠይቂ። ከአንቺ በፊት የገባው ለማጅ እጁ ላይ መለኪያ ነው ያለው መጥረጊያ? የቸክ (የቶርኖው ብረት መያዣ) ቁልፉን ቸኩ ላይ ሰክቶ የሚሄድ ሰው ካየሽ ተጠንቀቂ፤ ማሽኑ ሲነሳ ያ ቁልፍ ተወርውሮ ማንን እንደሚያገኝ አይታወቅም። ቶርኖ እየዞረ በጓንት የሚሠራ፣ ከሚቆረጠው ብረት የሚወጣውን ረጅሙን ፍቅፋቂ በእጁ የሚጎትት፣ ሳያቆም የሚለካ ሰው የሚያስተምርሽ አደጋን ነው። ጓንት እጅን ያድናል ብለሽ እንዳትሳሳቺ፤ የሚዞር ነገር ጓንቱን ከያዘው እጅሽን ይዞ ነው የሚሄደው። ሻርፕና ነጠላ ቤት ይቀመጡ፣ ጸጉርሽ በኮፍያ ውስጥ ይግባ፣ እጅጌሽ ይጠር።

ብቸኛዋ ሴት መሆንሽን ፈርተሻል። ተቆልፎ የሚለበስበት ቦታ መኖሩን በመጀመሪያው ቀን ጠይቂ፤ ወሲባዊ ትንኮሳን አዋጁ በግልጽ ከልክሏል፣ ከደረሰብሽም ዓመቱን ልጨርስ ብለሽ አትታገሺ።

ሲኤንሲ (በኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚታዘዝ ማሽን) ይህን ሁሉ ያስቀረዋል ወይ ላልሽው፣ አያስቀረውም። በእጅ ቶርኖ የሠራ ሰው ፕሮግራሙን ከማሽኑ ፊት ቆሞ ይለምደዋል፤ መቁረጫው ሲጮህ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ፕሮግራመር ግን ውድ መቁረጫ ሰብሮ ይማራል። ወረቀት አይኖረኝም ለሚለው ስጋትሽ ደግሞ፣ ሙያውን የትም ልመጂው፣ የሙያ ብቃት ምዘና ወይም ሁላችንም ሲኦሲ የምንለውን ለመውሰድ ይቻላል። ዓመቱ ሲያልቅ ተመዝገቢ።

አሁን ወደ አባትሽ። አከብራቸዋለሁ፤ የዕቁብ ገንዘብ ለልጅ ማውጣት ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ሒሳቡ አልተሠራም። ዕቁብ አንዴ ነው የሚደርሰው፣ የኮሌጅ ክፍያ ግን በየሴሚስተሩ ይመጣል። ሪሚዲያሉ አለ፣ ከዚያ የዲግሪው ዓመታት አሉ፣ ከ2015 ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና ሳያልፉ ዲግሪ የለም። ሁለተኛው ዓመት ላይ ገንዘቡ ሲያልቅ ማን ይከፍላል? ይህን ጥያቄ ሳይመልሱ «ትማር ብቻ» ማለት ፍቅር ሊሆን ይችላል፣ ዕቅድ ግን አይደለም። አንቺም በዚያ ረጅም ደብዳቤ ውስጥ አካውንቲንግ እወዳለሁ የሚል አንዲት መሥመር አልጻፍሽም።

የፈተናውንም ነገር እንደ ቤተሰብ ውርደት አያድርጉት። በ2014 ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። አገር ሙሉ ልጅ ነው የወደቀው። «ቀጥቃጭ» ስለሚሏት ነገር ደግሞ በግልጽ ልናገር፦ ብረት የሚሠራን ሰው ስንንቅ ኖረን ነው ዛሬ ብሎን ሳይቀር በዶላር የምንለምነው። ይህን ስድብ ከአባትሽ አፍ መስማት አልነበረብሽም።

ዕቁቡን በተመለከተ ሌላ ሐሳብ አቅርቢላቸው። የወርክሾፑ ክፍያ ዓመቱን እንደማያኖርሽ ግልጽ ነው፤ ጉድለቱን በወር አስልተሽ በወረቀት አሳዪያቸውና ከዕቁቡ ያንን ያህል ብቻ ጠይቂ። በዚያ ላይ የራስሽ ካሊፐር፣ የደኅንነት ጫማና መነጽር ይጨመር። የሌላ ሰው መለኪያ እየለመነ የሚሠራ ለማጅ ሁልጊዜ ወረፋ ላይ ነው። የቀረው ገንዘብ ይቀመጥ። ከዓመት በኋላ ሙያው ካልሆነልሽ ኮሌጁ እዚያው ነው፣ ገንዘቡም አብዛኛው አለ። አባትሽ ይህን ለመስማት ፈቃደኛ ካልሆኑ አንድ ቅዳሜ ወርክሾፑ ድረስ ይዘሻቸው ሂጂና ከባለቤቱ ጋር አገናኚያቸው።

ዱከም ላሉት ሰዎች መልስ ሳትሰጪ አትቅሪ፤ «ሞልድ ወይም ጥገና ክፍል ካላችሁ እመጣለሁ» በያቸውና የሚሉትን ስሚ። ቃሊቲ ያሉት ባለቤት ውሉን ካዘጋጁልሽ ደግሞ የአንቺንም የድርጅቱንም ስም ሸፍነሽ ፎቶውን ላኪልኝ። ከመፈረምሽ በፊት አይቼ የጎደለውን እጽፍልሻለሁ።