ለካያክ የቱ እንጨት ይሻላል? ባሕር ዛፍ፣ ጥድ ወይስ ዋንዛ?

አንድ የኮምቦልቻ አንባቢ እንዲህ ሲል ጠይቆኛል፦ «ሐይቅ ወርጄ የምቀዝፍበት ካያክ፣ ማለትም ከላይ የተከደነ ጠባብ ጀልባ፣ ቤቴ ልሠራ ነው። ቀጫጭን እንጨት ጎን ለጎን እየተጣበቀ ከውስጥም ከውጭም ፋይበርግላስ የሚለብሰውን ዓይነት። ፕላኑ ቀይ ሴዳር ይላል፤ እሱን እዚህ ከየት አመጣለሁ? አንዱ አናጢ ባሕር ዛፍ ይበቃሃል አለኝ። ሌላው ደግሞ ውሃ የሚችለው ጥድ ብቻ ነው ይላል። የቱን ልስማ?»

ሁለቱንም አትስማ። አብሽር፣ ሴዳርም አያስፈልግህም።

እንዲህ ባለ ካያክ እንጨቱ ውሃ አይነካውም። በፋይበርግላስና ኢፖክሲ በሚባለው ተቀብቶ በሚጠነክር ማጣበቂያ መሐል ታሽጎ ነው የሚኖረው። ጥንካሬውን በብዛት የሚሰጡት ሁለቱ የፋይበርግላስ ሽፋኖች ናቸው፤ የእንጨቱ ዋና ሥራ እነሱን በ6 ሚሊ አራርቆ መያዝና ቅርጹን መስጠት ነው። ስለዚህ «ውሃ ይችላል ወይ?» የሚለውን ተወውና ቀላል ነው ወይ፣ መስመሩ ቀጥ ያለ ነው ወይ፣ ደርቋል ወይ ብለህ ጠይቅ።

ክብደቱን እናስላው። 5 ሜትር የሚሆን ካያክ ክዳኑን ጨምሮ 5 ካሬ ሜትር አካባቢ ገላ አለው። በ6 ሚሊ ውፍረት ስታባዛው 0.03 ሜትር ኩብ እንጨት ይሆናል። የደረቀ ቀይ ሴዳር በሜትር ኩብ 370 ኪሎ ገደማ ስለሆነ እንጨቱ 11 ኪሎ ይመጣል ማለት ነው። ባሕር ዛፍ ግን ደርቆም 750 አካባቢ ነው፣ ስለዚህ ከ22 ኪሎ ያልፋል፤ ያውም ፋይበርግላሱና ኢፖክሲው ገና ሳይጨመር። ፖርቶመጋላ ላይ ጭነህ ሐረጎን ወጥተህ፣ ደሴን አልፈህ ሐይቅ ዳር ስታወርደው ልዩነቱ ወገብህ ላይ ይቆጠራል። ደግሞ ባሕር ዛፍ በቀጭኑ ሲሰነጠቅ እንደ ቀስት ይጎብጣል፣ ይጠማዘዛል። ለግድግዳ ማገር ይሁን፣ ለዚህ ግን አይሆንም። እንጨቱ በላያቸው የሚለጠፍባቸውን የካያክ ቅርጽ ማውጫዎች የምትደረድርበትን ረጅም መደብ እንኳ በሱ አትሥራ፤ ቀጥ ያለ አርኤችኤስ (ባለ አራት ማዕዘን ቱቦ) ብረት ግዛ።

ያገራችን ጥድ ምስጥ የማይደፍረው ጎበዝ እንጨት ነው። ግን ያ ጉብዝናው ፋይበርግላስ ውስጥ ምን ይሠራል? ጉጥ ይበዛዋል፣ ካያኩ ጫፍ አካባቢ ስታጎብጠው ደግሞ ቶሎ ይሰነጠቃል።

እኔ ብሆን የፈረንጅ ጥድ ነው የምይዘው። የሚተከል ዛፍ ስለሆነ ጣውላው ይገኛል፣ ሲደርቅ ከ400 እስከ 450 ኪሎ አካባቢ ነው፣ በመላጊያም እሺ ይላል። ጉዳቱ ጉጡ ነው። ነጋዴው ፊት እንዳታፍር፤ ጣውላውን እያገላበጥክ ምረጥ። የቀረውን ጉጥ ቆርጠህ አውጣና ጫፎቹን በሰያፍ ቆርጠህ ቀጥላቸው። 5 ሜትር ንጹሕ ጣውላ ስለማታገኝ መቀጠልህ አይቀርም። የሰያፉ ርዝመት የውፍረቱ 8 እጥፍ ይሁን፣ ማለትም ለ6 ሚሊ 5 ሳንቲም ያህል። መጋጠሚያዎቹ አንድ ቦታ እንዳይሰለፉ በታትናቸው።

ዋንዛ? ቀላል ነው፣ መልኩም ያምራል። ዝግባም ትንሽ ከበድ ቢልም ቀጥ ያለና ወጥ ነው። ግን ሁለቱንም ከመንግሥት ደን መቁረጥ በሕግ የተከለከለ ስለሆነ፣ ሕጋዊ ደረሰኝ የሌለውን ጣውላ ርካሽ ነው ብለህ አትንካ። ይልቅ አሮጌ የዋንዛ በር ወይም አልጋ ፈልግ፣ እሱ ለዓመታት ደርቆ ነው የሚጠብቅህ። ክዳኑ ላይ ሁለት ሦስት ጠቆር ያሉ መስመሮች ብታስገባበት ሰው ቆሞ ያየዋል። መጋዝ ውስጥ ከመክተትህ በፊት ግን ማግኔት አሳልፍበት፤ አንድ የተደበቀ ምስማር ምላጩንም ዓይንህንም ሊያጠፋ ይችላል።

የነጋዴን ቃል ማመን ግዴታ አይደለም። ከጣውላው ወጥ ውፍረት ያላት 50 ሳንቲም ዘንግ ቁረጥና፣ ታቹ የተደፈነ ውሃ የሞላ ቱቦ ውስጥ አቁመህ ልቀቃት። 20 ሳንቲም ከሰመጠች እንጨቱ በሜትር ኩብ 400 ኪሎ ነው፣ 25 ከሰመጠች 500። ከዚያ በላይ የምትሰምጠውን እዚያው ተዋት። ለድርቀቱ ደግሞ ሌላ ቁራጭ መዝነህ ጥላ ውስጥ አስቀምጥ፣ በሳምንቱ ድገመው፤ መቅለሉን እስኪያቆም አትሰንጥቀው። ጣውላውን በበጋ ግዛ። የደሴ ክረምት ጉም ውስጥ የከረመ እንጨት ኮምቦልቻ ሙቀት ሲወርድ ይኮማተራል፣ ከተጣበቀ በኋላ ከሆነ ደግሞ መሐሉ ክፍተት ታያለህ። ሲሚንቶ ላይ አታስተኛው፣ በየመሐሉ ቀጭን እንጨት እያደረግህ ደርድረው።

የምትገዛው መጠን 0.03 ሳይሆን 0.06 ሜትር ኩብ ይሁን። መጋዙ በየስንጥቁ 3 ሚሊ ስለሚበላ ሲሶው ሰጋቱራ ይሆናል፣ ጉጡም የራሱን ይወስዳል።

የተሰነጠቁትን ቀጫጭን እንጨቶች እርስ በርስ ለማጣበቅ ተራ ነጭ ኮላ ይበቃል። ለፋይበርግላሱ ግን የመኪና ቦዲ ጠጋኞች የሚጠቀሙበትን ፖሊስተር አትቀባ፤ እንጨት ላይ በደንብ ስለማይዝ ውሎ አድሮ ይላቀቃል። ኢፖክሲ ፈልግ፣ ቢወደድም። የመጀመሪያውን ቅብ ጠዋት አትጀምር። ቀኑ እየሞቀ ሲሄድ እንጨቱ ውስጥ ያለው አየር ይሰፋና ኢፖክሲው ላይ አረፋ ያወጣብሃል። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ መውረድ ሲጀምር ቀባው፣ ያኔ እንጨቱ ኢፖክሲውን ወደ ውስጥ ይስበዋል።