ስካነሩ 34 ዲግሪ እያለ ሃይሉክሱ ዳገት ላይ ለምን ጉልበት ያጣል?

ጥያቄ፦ ባለ 3.0 ዲ-4ዲ ሃይሉክስ ቪጎ አለኝ፤ ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ ጭነት አመላልስበታለሁ። ከአባይ ድልድይ ወደ ደጀን ስወጣ ግማሽ ላይ ጉልበቱ ይወርዳል፣ ጥቁር ጭስም ያበዛል። የሞተሩ ሙቀት መለኪያ ግን ከመሃል አያልፍም። መካኒኩ «የሚገባው አየር ግሏል፣ ኢንተርኩለሩን እንየው» ይለኛል። በብሉቱዝ ስካነር ስልኬ ላይ ሳየው የመግቢያ አየር 34 ዲግሪ ብቻ ነው። የቱን ልመን?

መልስ፦ መካኒኩ ያለውን ሳያጣሩ አይለፉት። 34 ዲግሪው የተለካው አየሩ ቱርቦ (አየርን ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚልከው መሣሪያ) ውስጥ ከመግባቱ በፊት ይመስላል። ከአየር ማጣሪያው ሳጥን መውጫ ላይ ያለው የአየር መጠን ሴንሰር በውስጡ የሙቀት መለኪያም አለው፤ ብዙ ጊዜ ስልክ ላይ የሚታየው የእሱ ቁጥር ነው። ያ ቁጥር ከውጭው አየር ብዙም አይርቅም። ሞተሩ የሚተነፍሰውን አየር ሙቀት አይነግርዎትም።

ቱርቦ አየርን ሲጨምቅ ያግላል። ውጭው 35 ዲግሪ በሆነበት የአባይ በረሃ፣ ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣ፣ ከቱርቦ የሚወጣው አየር 150 ዲግሪ አካባቢ ሊደርስ ይችላል። ከፍታው ሲጨምር ደግሞ አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦው ያንኑ ግፊት ለመስጠት አብዝቶ መጭመቅ አለበት። ስለዚህ ወደ ደጀን ሲጠጉ ውጭው ቢቀዘቅዝም ከቱርቦ የሚወጣው አየር አይቀዘቅዝም። ይህን ሙቀት የማውረድ ሥራ የኢንተርኩለሩ ነው። የቪጎ 3.0 ኢንተርኩለር ያለው ሞተሩ አናት ላይ ሲሆን ንፋስ የሚያገኘው በኮፈኑ ቀዳዳ በኩል ነው። በሁለተኛ ማርሽ በ25 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲወጡ የሚገባው ንፋስ ጥቂት ነው፤ ከሥር ደግሞ የሞተሩ ግለት ያበስለዋል። የሞተሩ ሙቀት መለኪያ ደግሞ የሚያሳየው የራዲያተሩን ውሃ ሙቀት እንጂ የዚህን አየር አይደለም፤ ስለዚህ መሃል ላይ መቆሙ ምንም አያረጋግጥም።

መጀመሪያ የትኛውን ሴንሰር እያነበቡ እንደሆነ ይወቁ። ሞተሩን አጥፍተው የአየር መጠን ሴንሰሩን ሶኬት ይንቀሉ። አምስት ሽቦ ካለው ሁለቱ የሙቀቱ ናቸው። ከዚያ ቁልፉን ብቻ ከፍተው ስልኩን ይዩ። ቁጥሩ ወደ -40 ከወረደ ሲያነቡ የኖሩት ከቱርቦ በፊት ያለውን ነው። ሶኬቱን ከመለሱ በኋላ የተመዘገበውን ኮድ ያጥፉ። ሁለተኛ የሙቀት ሴንሰር ካለው ከኢንተርኩለሩ በኋላ ባለው ቧንቧ ወይም በማኒፎልዱ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ቧንቧ) አፍ አካባቢ ይፈልጉት፤ ሁለት ሽቦ ነው ያለው። በስካነሩ ዝርዝር ውስጥ «ሁለተኛ የመግቢያ አየር ሙቀት» የሚል ካለ ያንን ይምረጡ። አንዳንዱ ቪጎ ለተራ አፕሊኬሽን ይህን አይሰጥም፤ የቶዮታን ሥርዓት የሚያነብ ስካነር ያስፈልጋል።

ሴንሰሩ እውነት መናገሩን ለማወቅ፣ መኪናው ሌሊቱን ባደረበት ጠዋት ሞተር ሳያስነሱ ቁልፉን ይክፈቱ። የውሃው ሙቀት፣ የመግቢያው አየርና የውጭው አየር በ5 ዲግሪ ልዩነት ውስጥ መሆን አለባቸው። ከዚያ ከወጣ በቴስተር ይለኩት፦ በ20 ዲግሪ ከ2.2 እስከ 2.7 ኪሎ ኦም፣ በ60 ዲግሪ ከ0.5 እስከ 0.67 ኪሎ ኦም። በጥቀርሻ የተሸፈነ ሴንሰር ትክክለኛውን ቁጥር ዘግይቶ ነው የሚያሳየው።

ሁለተኛው ሴንሰር ከሌለ ወይም ማንበብ ካልተቻለ የራሱ ጌጅ ይግጠሙ። እኔ የምመርጠው ይህንን ነው፣ ዳገት ላይ ስልክ ማየት አደጋ ነውና። ቦታው ከኢንተርኩለሩ መውጫ በኋላ፣ ግን የጭስ መመለሻው (ከጭሱ ከፊሉን ወደ ሞተሩ መልሶ የሚያስገባው ቧንቧ) ከሚቀላቀልበት በፊት ይሁን። ከዚያ በኋላ ከገጠሙት የሚያነቡት የጭሱን ሙቀት ጭምር ነው፣ ሴንሰሩም በጥቀርሻ ይደፈናል። ቧንቧውን ሳያወርዱ በፍጹም አይብሱ፤ አንድ የአሉሚኒየም ፍቅፋቂ ሞተር ውስጥ ከገባ ጉዳቱ ከባድ ነው። አውርደው፣ አንድ ስምንተኛ ኢንች ጥርስ ያለው የአሉሚኒየም መያዣ በአርጎን አስበይደው፣ ውስጡን አጥበው ይመልሱ። የሴንሰሩ ጫፍ የቧንቧው መሃል ላይ ይድረስ፤ ግድግዳውን ከነካ የብረቱን ሙቀት ነው የሚያነበው። ብዙዎች የሚሳሳቱት ባለ አንድ ሽቦ ሴንሰር ሲገዙ ነው። ቧንቧው በጎማ ቱቦዎች መካከል ስለሆነ ከመኪናው አካል ጋር ኔጋቲቭ አይገናኝም፤ ባለ ሁለት ሽቦ ይግዙ።

አሁን ከውጭው አየር ጋር እያስተያዩ ያንብቡ። ሜዳ ላይ በ80 ኪሎ ሜትር ሲነዱ ከውጭው ከ10 እስከ 25 ዲግሪ ቢበልጥ ጤናማ ነው። ጭነት ይዘው ረጅም ዳገት ላይ እስከ 40 ቢበልጥ እቀበለዋለሁ። ከ50 በላይ ከበለጠ ግን ኢንተርኩለሩ ሥራውን እየሠራ አይደለም። ከ70 ወደ 100 ዲግሪ መውጣት ብቻውን የአየሩን መጠን በ8 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ናፍጣው እንደነበረ ከቀጠለ ጥቁር ጭስ ይወጣል፣ የጭሱም ሙቀት ይጨምራል። ከዳገቱ በኋላ ቆመው ሞተሩ ሲሠራ ቁጥሩ ቢያሻቅብ አይደንግጡ፤ ሲንቀሳቀሱ በአንድ ሁለት ደቂቃ መውረድ አለበት።

ከፍ ካለ መጀመሪያ የማየው በኮፈኑ ቀዳዳና በኢንተርኩለሩ መካከል ያለውን ጎማ ነው። ተቀዶ ወይም ጠፍቶ ከሆነ ንፋሱ በጎን ያመልጣል። ቀጥሎ የኢንተርኩለሩ ስስ ክንፎች በጭቃና በነፍሳት መደፈናቸውን ይዩ። ከሥር ወደ ላይ ጉልበት በሌለው ውሃ ያጥቡ፤ የመኪና ማጠቢያ ግፊት ክንፎቹን ያጣምማቸዋል። ውስጡ ስስ የዘይት ሽፋን መኖሩ ያለ ነገር ነው፤ ዘይት ከተጠራቀመ ግን አውርደው በቅባት ማስለቀቂያ አጥበው፣ ሙሉ በሙሉ አድርቀው ይመልሱ። የአየር ማጣሪያውንም አይርሱ። የታፈነ ማጣሪያ ቱርቦውን አብዝቶ እንዲጨምቅ ስለሚያስገድደው አየሩን ያግለዋል።

ሙቀቱ ደህና ሆኖ ጉልበቱ ከጠፋ የማኒፎልድ ግፊትን ያንብቡ። ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ ሲከፈት አዲስ አበባ ላይ ከ75 እስከ 78 ኪሎ ፓስካል ማሳየት አለበት፤ 100 ካለ ሴንሰሩ ይዋሻል። ዳገት ላይ ግፊቱ ካልወጣ የተሰነጠቀ ቱቦ፣ የላላ ማሰሪያ ወይም የተጣበቁ የቱርቦ ክንፎች አሉ ማለት ነው። ግፊቱም ሙቀቱም ልክ ከሆኑ የናፍጣ ማጣሪያውንና ፓምፑ ላይ ያለውን የናፍጣ መጠን መቆጣጠሪያ ቫልቭ ያስፈትሹ።