መልስ፦ ኢንሱሊን ይዞ መንዝ መሄድ

እህቴ፣ «እናቴ በቀን ሁለቴ ኢንሱሊን ይወጋሉ፤ ለገና መሀል ሜዳ አንድ ሳምንት ስንቆይ ፍሪጅ የለም፣ ምን ላድርግ?» ብለሻል። ፍሪጁ አያስጨንቅሽ። የተከፈተ ብልቃጥ ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ቦታ አብዛኛውን ጊዜ 4 ሳምንት ይቆያል። የመንዝ ጣጣ ሙቀቱ ሳይሆን ውርጩ ነው።

እኔም ተወጊ ነኝ፣ ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው። አንድ ታኅሣሥ ብልቃጡን መኪና ውስጥ ረስቼው አደረ። ጠዋት ሳየው በረዶ ሆኗል። ቀልጦ ደህና ቢመስልም ጣልኩት፤ አንዴ በረዶ ከሆነ አይታመንም። ማታ ማታ በጨርቅ ጠቅልለሽ ከምትተኙበት ክፍል አኑሪው። ምድጃ አጠገብ ግን እንዳታደርጊው፣ አደራ።

በመንገድ ላይ ከእጅሽ አይለይ። አውቶብስ ጣራ ላይ ከሻንጣው ጋር የጫነ ሰው አውቃለሁ! እናትሽ ተወግተው ቁርስ ሳይበሉ መንገድ እንዳይጀምሩ። መንገዱ ላይ ጣርማ በር ጉም ከያዘ መኪናው ይዘገያል፣ ስለዚህ ስኳራቸው ቢወርድ ከረሜላና ዳቦ ቦርሳሽ ውስጥ ይኑር። ድፍርሱ ኢንሱሊን ከሆነ በመዳፍ መሀል ቀስ ብለሽ አንከባልይው እንጂ አትነቅንቂው።

ያገለገለውን መርፌ ክዳን ባለው ጠንካራ የፕላስቲክ ዕቃ አጠራቅመሽ ይዘሽው ተመለሺ። ግቢው ውስጥ ልጆች በባዶ እግራቸው ነው የሚሯሯጡት።