የብስክሌት ቦርሳ ሰፍቶ መሸጥ፦ ጥያቄና መልስ

እንደምን ዋላችሁ። የብስክሌት ቦርሳ ለሚሰፉና ሰፍተው ለመሸጥ ለሚያስቡ የጎጃም ልጆች ዛሬ ጥያቄ ክፍት ነው። ልኬቱን በሴንቲ ሜትር ጻፉ፣ የያዛችሁትን ጨርቅና መርፌም ንገሩኝ። «ጥሩ ጨርቅ የቱ ነው?» ብቻ ካላችሁኝ መልሱም በጨለማ መዳበስ ነው የሚሆነው።

ጥያቄ (ከመራዊ)፦ ጋሼ፣ ያለኝ በእግር የሚረገጥ ሲንጀር ብቻ ነው። በሱ ይሆናል ወይስ የግድ የቆዳ መኪና ልግዛ?

መልስ፦ ይሆናል፣ ገንዘብህን ያዝ። የእግር መኪና ቀስ ብሎ ስለሚወጋ ለወፍራም ጨርቅ ምቹ ነው። መርፌውን ግን ቀይር፤ ለጨርቁ 16 ቁጥር፣ ማሰሪያ ስትሰፋ 18። 14 ቁጥር የሸሚዝ መርፌ ነው፤ ወፍራም ክር ስታስገባበት ክሩ ዓይኑ ላይ ይፋተግና ይበጠሳል፣ ወይም መኪናው ስፌት ይዘላል። አራት ድርብ ድረስ ብትረግጥ አይከፋም፤ ከዚያ ካለፈ እግርህን አንሳና መዘውሩን በእጅህ አዙር። ሌላው ችግር ጉብታው ነው። የመኪናው እግር ድርቡ ላይ ሲወጣ ወደ ኋላ ያጋድላል፣ ጨርቁ አይሄድም፣ ስፌቱም እዚያው ይደራረባል። ከእግሩ በስተኋላ የታጠፈ ካርቶን አስገብተህ ከፍታውን እኩል አድርግለት። የፋብሪካ መኪና መርፌ አናቱ ክብ ስለሆነ የአንተ ላይ አይገጥምም፤ ልትገዛ ስትሄድ አሮጌውን ይዘህ ሂድ።

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦ የማዳበሪያ ጆንያ ርካሽ ነው፣ በሱ ብጀምርስ?

መልስ፦ ቅድ ለመለማመድ ጥሩ ነው፣ ለሽያጭ ግን አይሆንም። ፀሐይ ያደርቀውና ይፈረፍራል፤ ጠርዙም ስለሚተረተር ስፌቱ ከነክሩ ሾልኮ ይወጣል። ለመጀመሪያ ሥራ ውስጡ ውሃ በማያስገባ ነገር የተቀባ 600 ዲኒየር (የክር ውፍረት መለኪያ ነው) ፖሊስተር ፈልጊ፤ የተማሪ ቦርሳ የሚሠራበት ጨርቅ ነው። የተቀባው ፊት ወደ ውስጥ ይሁን። የጥጥ ሸራ ያምራል፣ ግን ክረምት ላይ ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል፣ ሳይደርቅ ከተቀመጠም ይሻግታል። የጭነት መኪና ላስቲክ ሸራ ጠንካራ ነው፣ ሆኖም ይቅርታ አያውቅም፦ አንዴ የወጋሽው ቀዳዳ አይደፈንም። ስለዚህ አትተርትሪ፣ ስፒልም አትሰኪበት፤ በልብስ መቆንጠጫ ያዥው። ቆዳ ለማሰሪያና ለማጠናከሪያ ቁራጭ ብቻ ተጠቀሚ፤ ሙሉ ቦርሳ ከሆነ ይከብዳል፣ ረጥቦ ሲደርቅም ይገትራል።

ጥያቄ፦ ክር ሻጩ ሁሉንም «ናይለን ነው» ይላል። በምን ልለይ?

መልስ፦ አንድ ስንዝር ቁረጥና ጫፉን በክብሪት ለኩስ። ጥጥ እንደ ወረቀት ነዶ አመድ ይሆናል። ፖሊስተርና ናይለን ግን ይቀልጡና ጫፋቸው ላይ ጠጣር እንክብል ይቀራል። የምትፈልገው ሁለተኛውን ነው፣ ጥጥ በእርጥበት ይበሰብሳል። የስፌቱ ርዝመት ከ3 ተኩል እስከ 4 ሚሊ ሜትር ይሁን። «ስፌቱ ሲጠጋጋ ይጠነክራል» የሚባለው ለልብስ ነው። የተቀባ ጨርቅ ላይ ስፌት ከተጠጋጋ መስመሩ እንደ ቴምብር ጠርዝ ይበሳሳና እዚያው ላይ ይቀደዳል።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ በቴላዮው (በብስክሌቱ ዋና የብረት አካል) መሐል የሚገባውን ባለ ሦስት ማዕዘን ቦርሳ ሰፍቼ ነበር፤ መሐሉ ይነፋና ጉልበት ይነካል። ልኬቱን ከመጀመሪያው አስረዳኝ።

መልስ፦ ይህ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ሥራ ስለሆነ በዝርዝር ልመልሰው። ካርቶን በቴላዮው ጎን አስደግፈህ የብረቶቹን የውስጥ ጠርዝ በእርሳስ ተከተል። ከዚያ ዙሪያውን በሙሉ 7 ሚሊ ሜትር ቀንስ። ቦርሳ ሲሞላ ስለሚወጠር በልኩ የተቆረጠው አይገባም። የውሃ ጠርሙስ መያዣ ካለ ደንበኛው ይፈታው እንደሆነ አስቀድመህ ጠይቅ። የተስተካከለውን ካርቶን ቆርጠህ መልሰህ ቴላዮው ውስጥ አስገባውና አንቀሳቅሰው፤ የሚነካው ቦታ ካለ እንደገና ላጠው። ጨርቅ ላይ ስታሰፍረው ለስፌት 1 ሴንቲ ሜትር ጨምር።

የጎኖቹን ዙሪያ የሚያያይዘው ወገብ ተጣጥፎ ሲያልቅ ስፋቱ ከ6 ሴንቲ ሜትር አይለፍ፤ 5 ቢሆን ይመረጣል። ጉልበት የሚነካው በዚህ ነው። ለ6 ሴንቲ ሜትር ወገብ 8 ሴንቲ ሜትር ትቆርጣለህ። ርዝመቱን ከካርቶኑ ዙሪያ ውሰድ፦ ላዩ 46፣ ታቹ 50፣ የኋላው 30 ከሆነ 126 ነው፤ ለመጋጠሚያው 2 ጨምረህ 128። ማዕዘኑ ላይ ስትደርስ ወገቡን ብቻ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ቁረጠው፣ ያኔ ዞሮ ይተኛልሃል። ካልቆረጥከው ይጨማደዳል፤ 1 ሴንቲ ሜትር ሙሉ ከቆረጥከው ደግሞ ቀዳዳው ከስፌቱ ውጭ ይታያል።

ዚፑን ጎኖቹን ከማገጣጠምህ በፊት ስፋ። ቦታው በቀኝ ጎን ነው፣ ከላይኛው ጠርዝ 4 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ። መሐሉ እንዳይነፋ በሁለቱ ጎኖች መካከል ከውስጥ አንድ የጨርቅ መከፈያ ስፋ፤ ሁለቱን ጎኖች ይዞ ያስቀራቸዋል። 3 ሚሊ ሜትር ስፖንጅ ያግዛል፣ መከፈያውን ግን አይተካም።

ጥያቄ፦ ዚፕ ቶሎ ይበላሻል። ምክንያቱ አቧራ ነው?

መልስ፦ አቧራውም፣ የዚፑ ቁጥርም። 5 ቁጥር ለትንሽ ኪስ ነው፣ ለትልቅ ቦርሳ 8 ቁጥር አድርጊ። ዚፑን ማዕዘን ላይ አታዙሪው፤ ሲጎተት የሚፈነቅለው እዚያ ነው። ከላዩ 2 ሴንቲ ሜትር ክዳን ስፊለት። ደንበኛሽ በበጋ ጥርሱን በብሩሽ አራግፎ ሻማ ይቀባው፤ ዘይት ግን አይንካው፣ አቧራ ይሰበስባል።

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም፣ ልብስ ሰፊ)፦ ወንድሜ፣ የኋላ መጫኛው ላይ የሚንጠለጠለውን ጥንድ ቦርሳ ያዘዘኝ ሰው አለ፤ ግን የብረት መንጠቆ አጣሁ።

መልስ፦ እትዬ፣ መንጠቆ አያስጨንቅዎ። ሁለቱን ቦርሳዎች በሰፊ ወፍራም ጨርቅ አያይዘው መጫኛው ላይ እንደ አህያ ጭነት ያሳርፏቸው። አህያ የጫነ ሰው ሳይነገረው እንደሚያውቀው አንዱ ጎን ሲከብድ ሁለቱም ይሾልካሉ፤ ስለዚህ ሁለቱን የሚያያይዘውን ጨርቅ ከመጫኛው ጋር የሚያስሩ ሁለት ማሰሪያዎች ይጨምሩ። የአንዱ ቦርሳ ልክ ወርዱ 30፣ ቁመቱ 35፣ ጥልቀቱ 14 ቢሆን ወደ 15 ሊትር ይይዛል። በጎማ በኩል ያለውን ጀርባ ከአሮጌ ጄሪካን በተቆረጠ ፕላስቲክ ያጠንክሩት፤ ልስልስ ሆኖ ከቀረ ወደ ጎማው ሽቦ ይገባል፣ ያ ደግሞ ሰው ይጥላል። ጨርቅ ከመቁረጥዎ በፊት የካርቶን ልኩን አስረው ፔዳሉን ወደ ኋላ ያዙሩ፤ ደንበኛው ጫማውን አድርጎ ተረከዙ ከነካ የታችኛውን የፊት ማዕዘን በሰያፍ ይቁረጡት። የማሰሪያ ጫፍም ተንጠልጥሎ እንዳይቀር፣ መሸጎጫ ይስፉለት።

ጥያቄ፦ ማሰሪያው ተነቅሎ ተመለሰልኝ። ስፌቱ አልተበጠሰም፣ ጨርቁ ነው የተቀደደው።

መልስ፦ ተመላሽ የሚመጣ ቦርሳ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው፤ ማሰሪያው አንድ ድርብ ጨርቅ ላይ ብቻ ተሰፍቶ ይሆናል። ከውስጥ በኩል 6 በ6 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ፣ ከራሱ ከማሰሪያው ወይም ከቆዳ፣ ደርብበት። የማሰሪያውን ጫፍ በሻማ አቅልጠህ 3 ሴንቲ ሜትር እጠፈው፤ ካሬ ስፋ፣ ከዚያ በካሬው ውስጥ በሰያፍ ሁለት መስመር አሳልፍበት። መጀመሪያውና መጨረሻው ላይ ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ ተመለስ። ከመሸጥህ በፊት ቦርሳውን ሞልተህ በአንድ ማሰሪያ ብቻ አንጠልጥለውና አወዛውዘው። ስፌቱ አጠገብ ያለው ጨርቅ ከተገተረ ማጠናከሪያው ጠቧል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ መሪው ላይ ለሚታሰረውስ የተለየ ነገር አለ?

መልስ፦ የፍሬን ሽቦ። በቦርሳውና በመሪው መካከል 3 ሴንቲ ሜትር ክፍተት የሚተው ጠንካራ ስፖንጅ ማሰሪያው ላይ አስገባ። ከደጀን ወደ አባይ ቁልቁል ለሚወርድ ሰው ሽቦ የሚያጎብጥ ቦርሳ መሸጥ ነውር ነው።

ጥያቄ (ከዳንግላ)፦ «ውሃ አያስገባም» ብዬ ልሽጥ?

መልስ፦ በመርፌ የተሰፋ ሁሉ ያስገባል፤ «ዝናብ ይቋቋማል» በል። የእኛን የሐምሌ ዝናብ ታውቀዋለህ። አፉ የሚጠቀለል አድርገህ ለመጠቅለያው 20 ሴንቲ ሜትር ቁመት ጨምርለት፤ ሦስት ጊዜ መጠቅለል አለበት። ውስጡ ደግሞ ወፍራም የፕላስቲክ ከረጢት አስገባ፤ ርካሽ ነው፣ ይሠራልም።

ጥያቄ፦ ዋጋ እንዴት ላውጣ? እኔ የጨርቁን ዋጋ እጥፍ አደርጋለሁ።

መልስ፦ ጨርቁ ርካሽ ሆኖ ሥራው ብዙ ከሆነ በነፃ እየሰፋሽ ነው። ለማሳያ ያህል ቁጥር ላስቀምጥ፤ አንቺ የከተማሽን ዋጋ አስገቢበት። ዕቃው ሁሉ 700 ብር፣ ለብክነት አስር በመቶ 70፣ አራት ሰዓት ተኩል በሰዓት 100 ብር 450፣ ለኪራይና ለመኪና ጥገና 80። ድምሩ 1,300። ሃያ በመቶ ትርፍ 260 ሲጨመር 1,560 ይመጣል። ብስክሌት የሚያድስ ወይም የሚያከራይ ሰው ሱቁ ላይ ሰቅሎ የሚሸጥልሽ ከሆነ የሱ ድርሻ ከ1,560 በላይ ይደመር እንጅ ከአንቺ አይቀነስ። ሰዓቱን የምትለኪው አምስተኛውን ቦርሳ ስትሰፊ ነው፤ የመጀመሪያው ሁለት ቀን ይበላል። ስድስት ስድስቱን ባንዴ ቁረጪ፣ ዚፑን ባንዴ፣ ማሰሪያውን ባንዴ ስፊ።

ጥያቄ፦ ታዞ ሳይወሰድ የቀረ አለኝ። ቀብድ መጠየቅ ያሳፍራል?

መልስ፦ አያሳፍርም። የአንዱ ቴላዮ ቦርሳ ለሌላው ስለማይሆን ካርቶኑን ከመቁረጥህ በፊት ግማሹን ተቀበል፤ በቴሌብርም ይላክልህ። ካርቶኑ ላይ የደንበኛውን ስምና የብስክሌቱን ዓይነት ጽፈህ አስቀምጠው፣ ሁለተኛ ሲያዝዝህ ልኬት አትደግምም። ሰፍተህ በመደርደሪያ የምታስቀምጠው ለሁሉም የሚሆነውን ብቻ ነው፦ ጥንዱን የኋላ ቦርሳና ላይኛው ብረት ላይ የምትታሰረውን ትንሿን የስልክ ቦርሳ። ለስፌት መፈታት ስድስት ወር ዋስትና ስጥ፤ ምላጭ ለቆረጠውና ጎማ ለላጠው ግን ጥገናውን አስከፍል፣ ይህንንም ደረሰኙ ላይ ጻፈው።