ከእባብ አላቢ ለወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

ሠላሳ አንድ ዓመት እባብ ሳልብ ኖሬ ባለፈው ዓመት ጡረታ ወጣሁ። «ማለብ» የእኛ የሥራ ቤት ቃል ነው፤ የእባቡን መርዝ ለመድኃኒት መሥሪያ መቀበል ማለት ነው። ጠዋት ስንገናኝ «ዛሬ ስንት እናልባለን?» እንባባላለን፤ ማታ ደግሞ የታለበውን መዝግበን፣ ፈርመን እንለያያለን።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ የእህቴ ልጅ ነው። ሰሞኑን ስልኩን ይዞ መጣና በዓለም ላይ ስላሉ እንግዳ ሥራዎች የተሠራ ቪዲዮ አሳየኝ። ሽታ እያሸተተ ደመወዝ የሚበላ፣ አይጥ የሚያሠለጥን፣ የጫጩት ፆታ የሚለይ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ የእኔው እባብ አላቢ። እያንዳንዱ ሃያ ሰከንድ ያህል ታይቶ ያልፋል፤ ከሥሩ የገቢው ቁጥር ተጽፏል። ልጁ ዓይኑ በርቶ «አጎቴ፣ እንዲህ ያለ ሥራ እንዴት ነው የሚገኘው?» አለኝ። የዚያን ዕለት የመለስኩለት እኔኑ አላረካኝም። ሌሊቱን ሳወጣ ሳወርድ አደርኩና ለእሱም፣ እንደ እሱ ለምትጠይቁ ሁሉም ልጽፍ ተነሣሁ።

ሲያዩት ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር ይባል የለ? ቪዲዮው የዘለለውን ላሳያችሁ።

እባቡን ከሳጥኑ የማወጣው ጫፉ በቆለመመ ረጅም ዘንግ ነው። ጠረጴዛው ላይ አሳርፈውና ራሱን በለስላሳ ስፖንጅ ተጭኜ፣ ከመንጋጋው ኋላ በአውራ ጣቴና በመሐል ጣቴ እይዘዋለሁ። ወፍራም ጓንት አላደርግም። እባብ አንገቱን ሊያዞር ሲል ቆዳው ሥር የሆነች ትንሽ እንቅስቃሴ አለች፤ ወፍራም ጓንት እሷን ከጣት ይደብቃታል። አፉን ስስ ላስቲክ ወደተወጠረበት ብርጭቆ ሳስጠጋው ይነክሳል። ጥርሶቹ ላስቲኩን በስተው ያልፉና ከጫፋቸው ፈሳሹ ወደ ብርጭቆው ሆድ ጠብ፣ ጠብ ይላል። አንዳንዱ ቢጫ ነው፣ አንዳንዱ እንደ ውሃ ጥርት ያለ። ከዚያ እባቡ ወደ ሳጥኑ ተመልሶ ለሳምንታት ያርፋል፣ ሌላው ይመጣል። ሁሉ ነገር ጥቂት ደቂቃ አይፈጅም።

የቀረው ቀን ሳጥን ማጠብ ነው። ውሃ መቀየር፣ የክፍሉን ሙቀት መለካት፣ ያልበላውን ከበላው መለየት፣ ሁሉንም በየቁጥሩ መመዝገብ። የታለበው መርዝ በቅዝቃዜ ደርቆ ዱቄት ይሆናል። ዱቄቱን ስንመዝን አፍና አፍንጫችንን እንሸፍናለን፤ ብናኙን ደጋግሞ የተነፈሰ ሰው ሰውነቱ እየተቆጣ ይሄድና አንድ ቀን ላቦራቶሪው ውስጥ መግባት እንኳ ሊከለክለው ይችላል። ይህ ያጋጠመው፣ ሥራውን እየወደደ የተወ የሥራ ባልደረባ ነበረኝ።

ዱቄቱ የሚሄደው ወደ ፈረስ ነው። በጣም ጥቂቱ ተበጥብጦ ጤነኛ ፈረስ ይወጋል፤ መጠኑ በሳምንታትና በወራት ቀስ እያለ ይጨምራል። የፈረሱ ሰውነት መርዙን የሚያመክን አንቲቦዲ ያመርታል፣ ደሙ ይቀዳል፣ አንቲቦዲው ተለይቶና ተጣርቶ በብልቃጥ ይታሸጋል፤ ለተነደፈ ሰው የሚሰጠው ፀረ መርዝ ይህ ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም አልቤር ካልሜት እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ የጀመረው መንገድ መሠረቱ እስከ ዛሬ አልተለወጠም። የዓለም ጤና ድርጅት በእባብ መነደፍን እ.ኤ.አ. በ2017 ችላ ከተባሉ የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ተርታ አስገብቶታል። በድርጅቱ ግምት በየዓመቱ ከ81,000 እስከ 138,000 ሰው በዚህ ይሞታል፤ አብዛኞቹ በገጠር እርሻ ላይ የሚውሉ ሰዎችና ልጆች ናቸው። እኔ ከጠረጴዛው ፊት በቆምኩ ቁጥር የማስበው ብልቃጡን የሚጠብቀውን ልጅ ነበር።

እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ለብዙ ዓመታት ሰው ሲጠይቃት «መድኃኒት ፋብሪካ ነው የሚሠራው» ትል ነበር። እውነት ነው፣ ግን እባብ የሚለውን ቃል ከአፏ ማውጣት አልቻለችም። እኔም ወጣት ሳለሁ ሰው መሐል ሥራዬን ስጠየቅ አፌ ይያያዝ ነበር። ሥራችሁ ለሰው የሚያስቅ ወይም የሚያስደነግጥ ከሆነ ይህ ይደርስባችኋል፣ ተዘጋጁ። እኔን የፈወሰኝ አንድ ነገር ነው፦ የምሠራው ሥራ ምን እንደሆነ መናገር ትቼ ለማን እንደምሠራ መናገር ጀመርኩ። ያኔ እናቴም ቀስ በቀስ ቃሉን ደፈረችው።

ልነግራችሁ የፈለግሁት ዋናው ጉዳይም እዚሁ ላይ ነው። ሥራን እንግዳ የሚያደርገው የተመልካች ርቀት ነው። ቀርባችሁ ስታዩት ሁልጊዜ አንድ የተቸገረ ሰው ታገኛላችሁ፤ ደመወዙም የሚመጣው ከዚያ ችግር ነው።

ቪዲዮው ላይ ያሉትን ልጥቀስ። የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ናሳ በኒው ሜክሲኮ፣ ኋይት ሳንድስ በሚገኘው የሙከራ ማዕከሉ ሽታ የሚለዩ ሰዎች አሉት። ጠፈርተኞች የሚኖሩበት ክፍል የሚገባው ጨርቅ፣ ቀለም፣ ማጣበቂያ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ይሞቅና፣ የወጣውን አየር እነሱ አሽትተው ከ0 እስከ 4 ነጥብ ይሰጡታል። እኛ ቤታችን ቢሸት መስኮት እንከፍታለን። እዚያ ላይ የሚከፈት መስኮት የለም፤ የሚያቅለሸልሽ ሽታ ይዞ የወጣ ሰው ይዞት ይከርማል። አይጥ የሚያሠለጥኑት ደግሞ ታንዛኒያ፣ ሞሮጎሮ ውስጥ አፖፖ በተባለ ድርጅት ነው። ግዙፉ የአፍሪካ አይጥ ክብደቱ ቀላል ስለሆነ የተቀበረ ፈንጂ ላይ ቢራመድ አያፈነዳውም፤ የፈንጂው ሽታ ሲመጣለት መሬቱን ይጭራል። ከእነዚህ አንዱ የነበረው ማጋዋ በካምቦዲያ በሥራ ዘመኑ ከ100 በላይ ፈንጂዎችና ያልፈነዱ ተተኳሾች አግኝቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ፒዲኤስኤ የተባለው የብሪታኒያ የእንስሳት በጎ አድራጎት ድርጅት የወርቅ ሜዳሊያ ሸልሞታል። ሜዳሊያው አይጡ አንገት ላይ ሲንጠለጠል ሰው ሁሉ ፈገግ አለ። እኔ የታየኝ ግን በየማለዳው አይጡን ይዞ ሜዳ የሚወርደው፣ በትክክል ሲያሸት አንዲት ድምፅ አሰምቶ ቁራሽ ሙዝ የሚያጎርሰው፣ ሲሳሳት የማይቆጣው አሠልጣኝ ነው።

የጫጩቱን ነገር ትንሽ ሰፋ አድርጌ ላውራው፣ ምክንያቱም እንደ እኛው የእጅ ሥራ ነው። የእንቁላል ዶሮ የሚያረባ ሰው አውራውን ለሳምንታት መቀለብ አይፈልግም። በተፈለፈሉበት ቀን ግን ሴቷና ወንዱ ለዓይን አንድ ናቸው። የጃፓን ተመራማሪዎች ባለፈው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አስርት ዓመታት ውስጥ ዘዴውን አገኙት፦ የጫጩቷን መውጫ በጣት ገለጥ ሲያደርጉ ከመርፌ ራስ የማትበልጥ እብጠት ትታያለች ወይም አትታይም። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ጃፓናውያን ባለሙያዎች ለዚሁ ሥራ ባሕር ተሻግረው ይቀጠሩ ነበር። የበሰለ ባለሙያ በሰዓት አንድ ሺሕ ያህል ይለያል። እንዴት እንደለየ ሲጠየቅ ግን ብዙ ጊዜ በቃል ማስረዳት ይቸግረዋል፤ ዓይኑና ጣቱ ያውቁታል፣ አፉ አያውቀውም። እዚያ ለመድረስ ለረጅም ጊዜ ከሚያርም መምህር አጠገብ ተቀምጦ በሺዎች የሚቆጠር ጫጩት ማንሣት ያስፈልጋል። ቪዲዮው የደመወዙን ቁጥር ጽፎ ይህን ጊዜ ሳይጽፍ መቅረቱ አሳዝኖኛል። እናንተ የምትሰጡት ዋጋ እሱ ነውና።

ዛሬ ደግሞ ጫጩቱ ሳይፈለፈል፣ እንቁላሉ ውስጥ እያለ ፆታውን የሚለይ መሣሪያ መጥቷል። ጀርመን እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ተለይተው ይወገዱ የነበሩትን ወንድ ጫጩቶች መግደል ስለከለከለች መሣሪያው በፍጥነት እየተስፋፋ ነው። ከእነዚህ ሥራዎች ብዙዎቹ ዕድሜያቸው አጭር እንደሆነ ሳልደብቅ ልንገራችሁ። በብሪታኒያ የፋብሪካ ከተሞች ሰው ቀስቃሽ የሚባል ሠራተኛ ነበር፤ ጎህ ሳይቀድ በረጅም ዘንግ መስኮት እያንኳኳ ወዛደሩን ይቀሰቅሳል። ሜሪ ስሚዝ የተባለች የምሥራቅ ለንደን ሴት ደግሞ በቱቦ ደረቅ አተር እየነፋች መስኮቱን ትመታ ነበር። የማንቂያ ሰዓት ረክሶ በየቤቱ ሲገባ ሥራው አበቃ።

«ኮምፒውተር» የሚለው ቃል ራሱ ከመሣሪያው በፊት የሰው የሥራ መጠሪያ ነበር። ቀኑን ሙሉ ስሌት በእጅ የሚሠራ ሰው ማለት ነው። አሜሪካዊው ጠፈርተኛ ጆን ግሌን እ.ኤ.አ. በ1962 ምድርን ሊዞር ሲነሣ፣ መሣሪያው ያወጣውን ቁጥር የናሳ የስሌት ሠራተኛ ካትሪን ጆንሰን በእጇ እንድታረጋግጥለት ጠይቋል። የሥራ ባልደረባዋ ዶሮቲ ቮን ግን መሣሪያው ሥራቸውን እንደሚወስድ ቀድማ አየች። ፎርትራን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ በራሷ ተማረችና አብረዋት ላሉት ሴቶች አስተማረች። እሷን የማደንቃት መሣሪያውን ስላልጠላች ነው። የሚፈለገው የሥራው መጠሪያ ሳይሆን ትክክለኛው ቁጥር እንደሆነ ታውቅ ነበር። እኛ ዘንድም መርዝን ያለ እባብ፣ አንቲቦዲን ያለ ፈረስ ለማምረት የሚደክሙ ተመራማሪዎች አሉ። እንዲሳካላቸው ከልቤ እመኛለሁ፤ ሥራዬን ቢያስቀርም።

አሁን የሚከብደኝን ልንገራችሁ። መጀመሪያ የተቀጠርኩበት ቤት ለሠራተኞቹ የሚሆን ፀረ መርዝ ማቀዝቀዣ ውስጥ እንዳለ በወረቀት ተጽፎ ነበር። በሦስተኛው ዓመቴ አንድ ጓደኛዬ ሌባ ጣቱን ተነደፈ። ማቀዝቀዣውን ስንከፍት ያለው ብልቃጥ ጊዜው ያለፈበት ነበር፤ እሱም አንድ ብቻ። ጓደኛዬ ሆስፒታል ደርሶ ተረፈ፣ ጣቱ ግን ከመገጣጠሚያው ተቆረጠ። ኃላፊው «ሥራው አደገኛ እንደሆነ ታውቃላችሁ» አለን። አዎ፣ እናውቃለን። ባዶ ማቀዝቀዣ ግን የሥራው ጠባይ አይደለም፣ የሰው ጥፋት ነው። በወሩ ለቅቄ ወጣሁ፤ ቀድሜ ከፍቼ ባለማየቴ ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። እንግዳ ሥራ የሚያቀርብላችሁ ሰው አደጋውን እንደ ጀግንነት አድርጎ ቢያወራላችሁ ተጠንቀቁ። ስትነደፉ ወይም ስትወድቁ በስንት ደቂቃ ምን እንደሚደረግላችሁ፣ ማን እንደሚያሳክማችሁ፣ ውሉ ላይ የት እንደተጻፈ ጠይቁ። ማቀዝቀዣውን በእጃችሁ ክፈቱ።

ደግሞም ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ሙሉ ቀን ከሠራተኛው አጠገብ ለመቆም ፈቃድ ለምኑ። ጎብኚ የሚመጣበትን ሰዓት ሳይሆን ጎብኚ ከሄደ በኋላ ያለውን ሰዓት እዩ። እዚያ የምታዩት አሰልቺ ነገር ካላስጠላችሁ፣ ሥራው ምናልባት የእናንተ ነው።

ጡረታ ልወጣ አንድ ዓመት ሲቀረኝ አንዲት ወጣት ለሥልጠና መጣች። እሷም ቪዲዮ አይታ ነው። ሁለት ወር እባብ ሳትነካ ሳጥን አጠበች፣ መዝገብ ጻፈች። አንድ ጠዋት መዝገቡን ይዛ መጣችና «ቁጥር 14 ውሃዋን አልነካችም፤ አፏንም በደንብ አልገጠመችውም» አለችኝ። ሄጄ አየሁ። የከንፈሯ ጠርዝ ላይ ቁስል ጀምሯታል፤ እኔ ማለዳ በዚያው ሳጥን ፊት አልፌ አላየሁትም። የእንስሳት ሐኪሙን ጠራን፣ ቁጥር 14ንም ከታላቢዎቹ ዝርዝር ለጊዜው አወጣናት። በማግስቱ ጠዋት ዘንጉን ለልጅቷ ሰጠኋት።