ሻጩ ዕዳ አለበት ተብሎ የገዛኸው እህል ከተያዘብህ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ ደሜ ፈላ። «ኮምቦልቻ መጋዘን ውስጥ የተቀመጠ እህል ገዛሁ። ብሩን ሙሉ ለሙሉ ከፍያለሁ። ባለመጋዘኑ ግን ሻጩ የቆየ ዕዳ አለበት ብሎ አላስወጣም አለኝ። ልክሰሰው ወይስ ልለምነው?» ነው ያልከው። አትለምነው። በእኔም ላይ ይኸው ደርሷል። ዕቃው ማሽላ ነበር፣ ቦታው እዚያው ኮምቦልቻ፣ ሰበቡም አንድ ዓይነት። እህሌን አስወጥቼ ኪሳራዬንም አስከፍያለሁ።

1. መጀመሪያ ወረቀቶችህን አገላብጥ። ከሻጩ ጋር ያለህ ውል ብቻውን ብዙ አያስኬድህም። ዋናው ባለመጋዘኑ ራሱ ዕቃው ወደ አንተ መዞሩን የተቀበለበት ወረቀት ነው። እኔ ብሩን ከማስተላለፌ በፊት ሻጩን ይዤ ከደሴ በሐረጎ ቁልቁለት ኮምቦልቻ ወረድኩ። መጋዘኑ ቢሮ ገብተን ሻጩ «ይህን ያህል ኩንታል ከዛሬ ጀምሮ የገዢው ነው» ብሎ ጻፈ፣ ቢሮውም ተቀብሎ ማኅተም መታበት። ሻጩ «አታምነኝም ማለት ነው?» ብሎ ተቀየመኝ። ይቀየም! ፍርድ ቤት ስቆም ወገቤን ያቀናልኝ ያ ማኅተም ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1145ን ጠበቃህ ያሳይህ። ዕቃውን በእጁ የያዘው ሰው «ከእንግዲህ ለገዢው ነው የምይዘው» ካለ ይዞታው ወደ ገዢው ያልፋል። ከዚያ ወዲያ የሻጩ ዕዳ የሻጩና የባለመጋዘኑ ጣጣ ነው። አንተ ምን አገባህ?

2. ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ስጥ፣ ቀን ይኑረው። በስልክ የተጨቃጨቅከው ሁሉ አየር ላይ ይቀራል። በሕጉ ቁጥር 1772 መሠረት አንድ ሰው ውሉን አልፈጸመም ብለህ ከመክሰስህ በፊት «ፈጽምልኝ» ብለህ ማስጠንቀቅ አለብህ። ኪሳራህንም ከዚያ ቀን ጀምሮ ለመቁጠር ይመችሃል። ደብዳቤው ላይ የእህሉን ዓይነትና ኩንታል፣ የምትጭንበትን ቀን፣ ደግሞም «የዚህን እህል የመጋዘን ኪራይ ለመክፈል ዝግጁ ነኝ» የሚለውን አትርሳ። ይህችን ብዙ ሰው ይዘላታል። የራሱ የእህሉ ኪራይ ካልተከፈለ ባለመጋዘኑ የሚከራከርበት ነገር ያገኛል። ያንን በር ዝጋበት።

እኔ ደብዳቤውን ይዤ ስሄድ ዘበኛው በር ላይ አቆመኝ። ፀሐዩ እንዴት እንደሆነ ታውቀዋለህ። በመጨረሻ ሥራ አስኪያጁ ወጣና «ደብዳቤ አንቀበልም፣ ሻጩን አምጣው» አለኝ። ማኅተሙን ባሳየው ቀና ብሎ እንኳ አላየውም። ያን ጊዜ የከፈልኩበት አይሱዙ በር ላይ ቆሞ ነበር፣ ባዶውን ተመለሰ። የዚያን መኪና ደረሰኝ ግን ያዝኩ። የመጡትን ጫኞች ስምም መዘገብኩ፣ በኋላ ምስክር ሆነውልኛል። ደብዳቤውን ደሴ ፖስታ ቤት ሄጄ በሪኮማንዴ፣ ማለትም ተመዝግቦ በሚሄድ ፖስታ ላክሁት። አልቀበልም ማለት ከዚያ በኋላ አልሠራለትም።

3. ግማሹን ውሰድ ሲሉህ ተጠንቀቅ። በጣም የምፈራልህ ይኸን ነው። ሲጨንቃቸው ጠርተው «ለጊዜው የተወሰነውን ጫን፣ እዚህ ላይ ፈርም» ይሉሃል። ወረቀቱ ግርጌ ላይ «ከዚህ በኋላ ምንም ዓይነት ጥያቄ የለኝም» የምትል መስመር አለች። ሰኞ ገበያ የሚነግድ ጎረቤቴ ልጁ ታሞበት፣ ብር ቸግሮት ፈረመ። በቀረው እህል ፍርድ ቤት ሲቀርብ ያችኑ ወረቀት አወጡበት። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ለእኔም ያንኑ አቀረቡልኝ። መስመሯ ካልተሰረዘች አልፈርምም አልኩ፣ አልፈረምኩምም።

ፖሊስ ጋ ሄጄ «የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው» ተብዬ ተመልሻለሁ። ስላልሰጠህ ብቻ ከሆነ አንተንም እንደዚያ ይሉሃል። እህልህን ለሌላ ሸጦት ከሆነ ግን እምነት ማጉደል ነው፣ የወንጀል ሕጉን ቁጥር 675 ጠቅሰህ አመልክት።

ክሱን ስታስገባ በዚያው ቀን በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 154 መሠረት ጊዜያዊ እግድ ጠይቅ፣ ቃለ መሐላ አያይዘህ። እህሉ እንዳይሸጥ፣ እንዳይንቀሳቀስ። ማሽላ ብረት አይደለም። እኔ ስረከበው ነቀዙ ጀምሮት ነበር፣ ዋጋውም ወርዶ ነበር። ያስከፈልኩት የዋጋውን ልዩነት፣ ባዶ የተመለሰውን መኪና፣ የተበላሸውንም እህል ነው። ዋጋውን በአፍ ብትናገር ማንም አይሰማህም። ማስጠንቀቂያ በሰጠህበት ሰሞን ገበያው ስንት እንደነበር ከንግድ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ አውጣ። ጉዳትህን ለመቀነስ መጣርም ግዴታህ ነው። የሚጠብቅህ ደንበኛ ካለ ከሌላ ቦታ ገዝተህ ስጠውና ደረሰኙን አስቀምጥ። እኔ እንደዚያ አድርጌ ደንበኛዬንም አላጣሁም።

በኢትዮጵያ ምርት ገበያ (ECX) በኩል የገዛኸው ከሆነ መንገዱ ይለያል። የመጋዘን ደረሰኝ ራሱን የቻለ አዋጅ አለው፣ ቁጥር 372/1996። ያንተ ግን እንደ እኔው የግል መጋዘን ይመስለኛል።

ሲያስረክቡህ ደግሞ ከመፈረምህ በፊት አስመዝን፣ ጆንያ አስፈትተህ እይ። ከጎደለ ወይም ከነቀዘ መረካከቢያው ላይ በእጅህ ጻፈው፦ «ይህን ያህል ኪሎ ጎድሏል፣ የኪሳራ መብቴ እንደተጠበቀ ነው»። ከሥሩ ፈርምና ኮፒውን ሳትይዝ መኪናውን አታስነሳ።