ከኮምቦልቻ ድሬዳዋ በአውሮፕላን ስንት ሰዓት ነው?

የሸዋሮቢቷ እህቴ፣ «ለታኅሣሥ ገብርኤል እናቴን ቁልቢ ልወስዳት ነው። ከኮምቦልቻ ድሬዳዋ በአየር 285 ኪሎ ሜትር ነው ይላል፤ ግማሽ ሰዓት ይበቃናል?» ብለሽ ጠይቀሻል። ቁጥሩስ ልክ ነው። ግን ካርታ ላይ በማስመሪያ የተሰመረ ርቀት ነው፤ እናንተ የምትሄዱበት አይደለም።

የአገር ውስጥ በረራችን በአብዛኛው ዞሮ ዞሮ ቦሌ ነው። ከኮምቦልቻ ቦሌ በአየር 255 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከቦሌ ድሬዳዋ ደግሞ 340 ገደማ። ሲደመር ወደ 600 ይጠጋል፣ ካሰብሽው እጥፍ በላይ ማለት ነው። ደግሞ ከኮምቦልቻ ወደ ቦሌ የሚበረው በሰሜን ሸዋ ሰማይ ላይ ነው። በመኪና ወደ ሰሜን ለፍታችሁ ሄዳችሁ፣ በአየር ወደ አገራችሁ ልትመለሱ!

ሰዓቱም እንደዚያው ያታልላል። ኪው 400 የሚባለው ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን በሰዓት 660 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል። በዚህ ስሌት ኮምቦልቻ–ቦሌ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ትኬት ላይ ግን አንድ ሰዓት ገደማ ይጻፋል። መሬት ላይ መንዳቱ፣ ከፍታ መያዙ፣ ለማረፍ ተራ መጠበቁ ሁሉ ይቆጠራላ። ቦሌ ላይ ቀጣዩን በረራ የምትጠብቁት ደግሞ ለብቻው ነው፤ ግማሽ ቀን ሊበላ ይችላል።

እኔ ብሆን ኮምቦልቻን እተወዋለሁ። ከሸዋሮቢት አዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ነው። በመኪና ገብታችሁ፣ ዘመድ ቤት አድራችሁ፣ በማግስቱ አንድ በረራ ብቻ ትሳፈራላችሁ። የአንድ ሰዓት ነገር ነው። መንገዱ ሰላም መሆኑን ግን ከሹፌሮች ጠይቂ። ጣርማ በር ላይ ጉም ከወረደ መኪናው እየዳኸ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ በጠዋት ተነሡ። ከቆላ ተነሥቶ ከ3,000 ሜትር በላይ መውጣት ለትልቅ ሰው ቀላል አይደለም። የእናትሽን ጋቢ ሻንጣ ውስጥ እንዳትቀብሪው፣ እጃቸው ላይ ይሁን።

ትኬቱ ላይ ያለውን ሰዓት ልብ በይ። 07:00 ካለ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። እዚህ ላይ ተሳስቶ አውሮፕላን ያመለጠው ስንት ሰው አውቃለሁ። ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። ለስለት የያዛችሁት ጥላ ካለ ከትልቁ ሻንጣ ጋር ይግባ፤ ፍተሻ ላይ መከራከሩ ያደክማል።

ለ18 ትኬት አትቁረጪ። ክብረ በዓሉ 19 ነው፣ ዋዜማውን ከድሬዳዋ ወደ ቁልቢ የሚወስደው መንገድ በሰውና በመኪና ይጨናነቃል። 16 ወይም 17 ድሬዳዋ ግቡ። ትኬቱንም ከአሁኑ ያዢ፣ ለዚያ ሰሞን ቶሎ ያልቃል።